የታንኳ ሞዴል ንግድ፤ ትርፉም ኪሳራውም ከቀለሙ በፊት ነው

ወረታ ሲባል ነጋዴው ቶሎ የሚያስበው ሩዝ ነው። ስህተት የለበትም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ይህ ከተማ የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ መገንጠያ ከመሆኑም በላይ የፎገራ ሩዝ የሚፈለፈልበትና የሚጫንበት ነው። የዛሬው ገጻችን ግን የሚያወራው ሌላ ነው። ከሜዳው ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚገቡበት ረግረግ ስለሚበቅለው ደንገልና ከእርሱ ስለምትሠራው ትንሽ ታንኳ።

የታንኳ ሞዴል አዲስ ሸቀጥ አይደለም። በባሕር ዳርና በዘጌ የጎብኚ መንገድ ላይ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ትልቁን ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ትንሹንም አሳምረው ይሠሩታል። የተለወጠው ገዥው ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት ጎብኚውን ስላራቀው፣ ዕቃው ገበያ ቢያገኝ ሊያገኝ የሚችለው በአዲስ አበባ ሆቴልና ቢሮ፣ እንዲሁም በውጭ አገር በሚኖረው ወገናችን ዘንድ ነው። ጎብኚ የገዛውን በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ ቢበላሽበትም ተመልሶ አይመጣም። የአዲስ አበባው ገዥ ግን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በየቀኑ ያየዋል፤ ከተበላሸም ይመልሰዋል።

ይህ ጸሐፊ የደረሰበትን ቢናገር ነገሩ ይገለጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወዳጆች ስጦታ ብሎ ስድስት ታንኳዎች ገዛ። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ደርቦ ደራርቦ ቀባቸው፤ በላስቲክ ጠቅልሎም ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሲከፍት አራቱ ሻግተው ነበር። ሻጩን ሊወቅስ ቃጥቶት ነበር፤ ደንገሉ እርጥብ ሳለ ቫርኒሽ ቀብቶ ውሃውን ውስጥ የዘጋበት ግን ራሱ ነበር።

ደንገል ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ከውጭ ጠንካራ ልጣጭ፣ ከውስጥ ነጭ ስፖንጅ መሳይ ሥጋ አለው። ታንኳ የሚያንሳፍፈው ይኸው በአየር የተሞላ ሥጋ ነው፤ ሞዴል የሚያሻግተውም እርሱ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ይቆያል። በዓይንና በእጅ ማየት አያስተማምንም። ርካሹ መፍትሔ ሚዛን ነው። አንድ እስር ደንገል መዝኖ ክብደቱን መጻፍ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አሰንብቶ በሁለት በሁለት ቀን መልሶ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቢያፈጥነውም ልጣጩን ያቃጥለዋል፤ በጥላ የደረቀው ግን የተወሰነ አረንጓዴነቱን ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልኬት ነው። አምስት ሜትር ታንኳ በአንድ አስረኛ ቢሠራ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሠሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ያንኑ የትልቁን ታንኳ ደንገል ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በአንድ አስረኛ ልኬት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ዛፍ መሰለ ማለት ነው! ገዥው ምክንያቱን ባይናገረውም «መጫወቻ ይመስላል» ብሎ የሚያልፈው በዚህ ነው። የላይኛውን ቀጭን ጫፍ ብቻ መምረጥ ወይም ልጣጩን መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ማሰሪያውም እንዲሁ ነው። በትንሿ ታንኳ ላይ የቃጫ ገመድ የመርከብ ገመድ ይመስላል። የተፈተለ ጥጥ በሻይ ነክሮ ቢታሰርበት ልኬቱንም ቀለሙንም ያገኛል።

ከታንኳዋ ጋር ጎጆ የሚሠራ ሰው ለክዳን ከፎገራ የሩዝ ገለባ የሚሻል አያገኝም። ቀጭን ነው፤ እንደ ልብም ይገኛል። ነገር ግን ገለባው ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው ቀለም አይዝም፤ የዘይት ቀለም ቢቀባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላጣል። በተፈጥሮ መልኩ መተው ይሻላል። ደግሞም ገለባው የከብት መኖ ስለሆነ በበጋ ማብቂያ ዋጋው እንደሚወጣ ማሰብ ነው። ቀለም ያለው ጌጥ ከተፈለገ የስፌት ሠሪ እናቶች የሚያውቁት አለ፤ ስንደዶና አክርማ ከቀለም ጋር ተቀቅሎ ይነከራል። ቀለሙ ላዩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን ውስጡ የሚገባ በመሆኑ አይላጥም።

የፎገራ ላም ምስል ከታንኳዋ ጎን ይቁም የሚሉም አሉ፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ፣ ቀንደ አጭሯ ላም በእርግጥም ታምራለች። እረኞች በጭቃ ሲሠሯት ኖረዋል። ነገር ግን የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙንም ይዞ ይወድቃል። ጎንደር አጠገብ በወለቃ እንደሚሠሩት የሸክላ ምስሎች በእሳት ካልበሰለ ለሽያጭ አይሆንም። ልኬቱም ከታንኳዋ ጋር አንድ ይሁን፤ 1 ሜትር ከ30 ቁመት ያላት ላም በአንድ አስረኛ 13 ሴንቲ ሜትር ናት። ከታንኳው የምትበልጥ ላም አይተናል።

ቀለም እንዴት?

ይህ ጸሐፊ ታንኳን ሙሉ በሙሉ በቀለም መሸፈን አይደግፍም፤ ገዥው የሚከፍለው ለደንገሉ ነውና። ጥቂት ማስተካከል ግን ዋጋ ይጨምራል። መጀመሪያ ኮላ በሦስት እጥፍ ውሃ አቅጥኖ አንድ ጊዜ መቀባትና ማድረቅ ነው፤ ያለዚያ የደንገሉ ሥጋ ቀለሙን መጥጦ ያዥጎረጉረዋል። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ቡናማ የአክሪሊክ ቀለም በእስሮቹ መካከል እንዲገባ ማፍሰስ፣ ላዩን በጨርቅ መጥረግ ነው። ስንጥቁ ጠቁሮ ላዩ ይፈካል። በመጨረሻ ብሩሹን በፈዛዛ ቀለም ነክሮ፣ በወረቀት ላይ ጠርጎ ሊደርቅ ሲል በጎባጣው ላይ ማስኬድ ነው። ውሃ የሚነካው የታችኛው ክፍል ግራጫ ቢደረግ በሥራ ላይ የዋለ ታንኳ ይመስላል። ቀለሙ ከእውነተኛው ትንሽ መፍካት አለበት፤ በትንሽ ዕቃ ላይ ያው ቀለም ጠቁሮ ይታያልና። መከላከያው የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሆኖ፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

የጭነቱ ሒሳብ

ደንገል ቀላል ነው ብሎ በኪሎ ያሰበ ላኪ ይደነግጣል። የአየር ጭነት በስፋትም ይሰላል፤ በብዛት የሚሠራበት ስሌት 6000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩን አንድ ኪሎ አድርጎ የሚቆጥረው ነው። 50 በ16 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን፣ በውስጡ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ታንኳ ቢኖርም፣ እንደ ሁለት ኪሎ ይከፈልበታል። ልኬቱን ወደ አንድ ሃያኛ ቢያወርዱት ካርቶኑ 25 በ8 በ7.5 ይሆንና ሩብ ኪሎ ይቆጠራል። ስምንት እጥፍ ልዩነት ነው። የእጅ ሥራው ግን በዚያ መጠን አይቀንስም፤ እንዲያውም ቀጭን ልጣጭ መሰንጠቅ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ትንሿ ለውጭ፣ ትልቋ ለአዲስ አበባ ትሁን እንላለን። ለውጭ የሚላከው የዕፅዋት ውጤት በመሆኑ ተቀባዩ አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠይቅ እንደሆነ ከመላኩ በፊት ማረጋገጥ ያሻል፤ አፈርና ነፍሳት ያለበት ዕቃ በወደብ ይያዛል።

ለሽያጭ የሚረዳ ታሪክም አለ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሳባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ያቺ ሳትደርስ ቀረች፤ በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው «ራ ሁለት» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይህ በካርድ ታትሞ ከሣጥኑ ጋር ቢላክ የሚያነበው ይኖራል።

የሚያሰጋው አቅርቦቱ ነው። በ1995 ዓ.ም የጣና ውሃ በእጅጉ ሲቀንስ የተጋለጠው መሬት ታርሷል፤ እርሻው በገፋ ቁጥር ደንገሉ ይሸሻል። በ2004 ዓ.ም የታየው እምቦጭም የፎገራን ዳርቻ ወርሯል። ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ በመሆኑም እንዳገኙ ማጨድ አይቻልም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኪሱሙ እምቦጭን አድርቀው ዕቃ ይሠሩበታል፤ ለሞዴል ግን ውሃ ይስባል፤ ለማሰሪያ ካልሆነ በቀር ለታንኳው አካል አንመክርም።

ደንገል የሚገዛ ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይግዛ፤ የዓመቱን ፍላጎት አድርቆም በቆጥ ላይ ያኑር። በሐምሌ የታጨደውን ሚዛን ላይ ቢያመላልሱት ክብደቱ አልቀንስ ይላል።