የመንገደኛዋ ተማሪ ደብዳቤ

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ የቆሎ ተማሪ ከማያውቀው መንደር ይደርሳል። ደበሎውን ደርቧል፤ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቷል፤ በእጁም ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዟል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ የሚመጣው ጥያቄ አጭር ነው፤ አገርህ ወዴት ነው? የምትማረው ከየትኛው የኔታ ዘንድ ነው? ወዴትስ ትሄዳለህ? ለነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ከሰጠ በኋላ ውሻው ይያዝለታል፤ የእግር ውሃ ይቀርብለታል፤ ቤት ያፈራውንም ቀምሶ ከምድጃው አጠገብ ጋደም ይላል።

በዚህ በአባቶቻችን ልማድ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባለቤቱ ተማሪውን አያውቀውም፤ ዳሩ ግን የተማሪነትን ወግ ያውቃል። ደበሎውና አኩፋዳው እንደ መታወቂያ ወረቀት ያገለግሉታል። የመምህሩም ስም በአገሩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ሐሰት ቢናገር ውሎ አድሮ ይገለጥበታል። ስለዚህ በሩ የሚከፈተው በደግነት ብቻ ሳይሆን በእውቀትም ጭምር ነው።

የዛሬዋ ተማሪ ግን ደበሎ የላትም። አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ተሳፍራ ቋንቋዋን ከማይሰሙ ሰዎች ከተማ ስትደርስ፣ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብትል የሚከፈትላት ደጅ ማግኘቷ ያጠራጥራል። ታዲያ ራሷን እንዴት አድርጋ ታስተዋውቅ? እንዲሁም ተራዋ ደርሶ እሷ እንግዳ ተቀባይ ስትሆን፣ ለሚመጣው ሰው ስለ ቤቷ ምን ትንገረው? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ይሆናል።

ደጅ የሚከፍት ደብዳቤ

በማያውቁት ሰው ቤት ያለ ክፍያ ማደር በውጭው ዓለምም ሥርዓት ከወጣለት ብዙ ዘመን ሆኖታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ቦብ ሉትዋይለር የተባለ አንድ አሜሪካዊ ሰላም ወዳድ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዴንማርክ አገር አንድ ማኅበር አቋቋመ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በአንድ ማእድ ተቀምጠው ቢጨዋወቱ እርስ በርስ መጠራጠራቸው ይቀንሳል የሚል ነበር። ማኅበሩም ኋላ «ሰርቫስ» ተባለ። ቃሉ ከኤስፔራንቶ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ያገለግላል» ማለት ነው።

የሰርቫስ አሠራር ከቆሎ ተማሪው ጋር የሚመሳሰል ነው። መንገደኛው አስቀድሞ በአንድ የማኅበሩ አባል ይጠየቃል፤ ተቀባይነት ካገኘም የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በዝርዝር ላይ ለሚገኙት እንግዳ ተቀባዮች ይጽፋል። ተቀባዩ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ነጻ ነው። የተለመደው ቆይታ ሁለት ሌሊት ነው፤ ለማደሪያም ገንዘብ አይከፈልም።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ፈጠነ። በ1999 ዓ.ም. ኬሲ ፌንተን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ከቦስተን ወደ አይስላንድ የሚወስድ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ገዛ፤ ነገር ግን ማደሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ለአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 1500 ያህል የኢሜይል መልእክት ላከ። «ከኛ ዘንድ ልታድር ትችላለህ» የሚሉት መልሶች ከ50 በለጡ። ከዚህ ጉዞ የተገኘው ሐሳብ በ2004 ዓ.ም. «ካውችሰርፊንግ» በሚል ስም ለሕዝብ ተከፈተ፤ ስሙም መንገደኛው ከአንዱ ሰው ሶፋ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ማደሩን የሚያመለክት ነው።

ከዚህ ላይ ሒሳብ ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር እንጠቁም። ከ1500 ደብዳቤ 50 በጎ መልስ ማለት ከሠላሳ አንድ ማለት ነው። ስለዚህ ጽፋ መልስ ያላገኘች ተማሪ የተናቀች አይምሰላት።

ካውችሰርፊንግ በ2011 ዓ.ም. ለትርፍ ወደሚሠራ ኩባንያነት ተለወጠ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ አባሎቹን ክፍያ መጠየቅ በመጀመሩ ብዙዎቹ ቅር ተሰኙ። በ2007 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች የተመሠረተው «ቢዌልካም» የተባለው ግን ያለ ክፍያ ቀጥሏል። ድርጅቶቹ ይለዋወጣሉ፤ ለሁሉም የሚያስፈልገው ራስን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ግን ያው አንድ ነው።

ተግባቢ ነኝ ማለት አይበቃም

አንዲት ተማሪ እናስብ። ወላጆቿ ሐዋሳ ይኖራሉ፤ እሷ በአዲስ አበባ ትማራለች። ጨዋታ ወዳድ ናት፤ በመኝታ ክፍሏ ሰው አይጠፋም። በዕረፍት ጊዜ ናይሮቢን ለማየት ተመኘችና እንዲህ ብላ ጻፈች፤

«ተግባቢና ሳቂታ ተማሪ ነኝ። ሰው እወዳለሁ። ጉዞ፣ ሙዚቃና ባህል ያስደስቱኛል። ብታስተናግዱኝ ደስ ይለኛል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሐሰት የለም። ዳሩ ግን ይህንኑ ቃል ሌላ ሺህ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ደብዳቤውን የምታነበው ሴት ማወቅ የምትፈልገው፣ «ይህች ልጅ ነገ ጧት በወጥ ቤቴ ውስጥ ስትገኝ ምን ዐይነት ሰው ትሆናለች?» የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ «ተግባቢ ነኝ» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም። ተግባቢነት በጨዋታ ይታያል እንጂ በአዋጅ አይነገርም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ጥፋቱ የልጅቷ ብቻ አይደለም። በኛ አስተዳደግ ስለ ራስ ማውራት ያሳፍራል። «የማን ልጅ ነሽ?» ተብለን ስንጠየቅ የአባታችንን ስምና አገር ከተናገርን ይበቃናል። ከዚህ የተነሣ ስለ ራሳችን እንድንጽፍ ስንታዘዝ ወይ ሁለት መስመር ጽፈን እናቆማለን፤ ወይም ለሥራ ማመልከቻ ይመስል የምስክር ወረቀታችንን እንዘረዝራለን። ሁለቱም አይረዱም። ይህችው ተማሪ አሳቧን ሰብስባ እንደ ገና ብትጽፍ፣ ለአንዲት የናይሮቢ መምህርት እንዲህ ልትል ትችል ነበር፤

«ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ ነኝ። በናይሮቢ ሁለት ሌሊት ለማደር አስቤአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤት ልጆች ምግብ ማብሰል እንደሚያስተምሩ ከጻፉት ላይ አነበብሁ፤ ሽንኩርት መክተፍ እችላለሁና ብረዳዎት ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ጨዋታ እወዳለሁ፤ ጧት ግን ቡና ሳልጠጣ ብዙ አልናገርም፤ ኩርፊያ እንዳይመስልዎት አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም፤ ቢሆንም ለብቻዬ እንዲሠራልኝ አልፈልግም፤ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል። ከቤትዎ ሌላ ማን እንደሚኖርና የምተኛበት ቦታ የት እንደ ሆነ ቢገልጹልኝ ለእናቴ እነግራታለሁ። ባይመችዎ ‹አይመቸኝም› ቢሉኝ ፈጽሞ አልቀየምም።»

ቤታቸውን ለማየት ለሚመጡ ደግሞ እንዲህ ብላ ትጨምራለች፤

«በክረምት ዕረፍት ሐዋሳ በወላጆቼ ቤት ሴት እንግዳ መቀበል እንችላለን። የምትተኚው ከኔና ከታናሽ እኅቴ ጋር በአንድ ክፍል፣ ወለል ላይ በሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ውሃ አንዳንድ ቀን ይቋረጣል፤ በርሜል ስላለን ግን አንቸገርም። አባቴ የውጭውን በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይዘጋል፤ ይኸውም በናንተ አቈጣጠር 9 ሰዓት ነው። እናቴ ‹ብዪ፣ ብዪ› ማለቷን ስለማትተው፣ ስትጠግቢ ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት ያስፈልጋል። በማለዳ ተነሥተን ከሐይቁ ዳር የዓሣውን ገበያ አሳይሻለሁ።»

ከነዚህ ከሁለቱ ጽሑፎች ውስጥ «ተግባቢ» የሚለው ቃል ወጥቷል፤ ተግባቢነቱ ግን ገብቷል። አንባቢዋ ልጅቷን ልታያት ትችላለች። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የሚያስቸግረው ነገር አስቀድሞ መነገሩ ነው። የውሃውን መቋረጥና የበሩን መዘጋት አውቃ የመጣች እንግዳ አታዝንም፤ ሳታውቅ የመጣች ግን ቤቱ ምንም ያህል ደግ ቢሆን ታዝናለች።

ይሉኝታ የማይገባበት ቦታ

ምናልባት አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲያነብ፣ «ልጄ በማታውቀው ሰው ቤት እንዴት ታድራለች?» ይል ይሆናል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በፓዶቫ ከተማ አንድ የካራቢኒዬሪ ፖሊስ ባልደረባ፣ በዚሁ የእንግድነት መንገድ ወደ ቤቱ የመጣችውን ወጣት በመድኃኒት አደንዝዞ አስገድዶ በመድፈር ወንጀል ተፈርዶበታል። የደንብ ልብስና የመንግሥት ማዕረግ ያለው ሰው ሁሉ የታመነ ነው ማለት እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ለብቻዋ የምትጓዝ ተማሪ ጥቂት ነገሮችን ልትጠብቅ ይገባታል። አስቀድሞ ከዚያ ቤት ያደሩ ሰዎች የጻፉትን ምስክርነት፣ ይልቁንም የሴቶቹን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታንብብ። የሚቻል ቢሆን ቤተሰብ ወይም ሴት ያለችበትን ቤት ትምረጥ። የምታድርበትን ቤት አድራሻና ስልክ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ትስጥ። ለአንድ ሌሊት ሆቴል የሚበቃ ገንዘብ ከሌላው ለይታ ትያዝ። ልቧ ከተጠራጠረ ደግሞ፣ እራቱ ቀርቦ ቢሆንም እንኳ፣ ሻንጣዋን አንሥታ ትውጣ።

የመጨረሻው ምክር ለኛ አገር ሰው ከሁሉ የከበደ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። «ካስተናገደኝ ሰው ቤት በሌሊት ብወጣ ምን ይለኛል?» እንላለን። ይሉኝታ በማእድ ዙሪያ ያማረ ጠባይ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ግን ወጥመድ ይሆናል። ደግ ባለቤት እንግዳው ቢሄድበት ቢያዝን እንጂ አይጎዳም፤ ክፉ ባለቤት ግን የሚተማመነው በዚሁ በይሉኝታችን ነው።

ከዚህም በቀር ይሉኝታ ሌላ ጉዳት አለው። በነዚህ ማኅበሮች በኢንተርኔት ላይ እንግዳውና ባለቤቱ ከተለያዩ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነት ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ሰውም ያንን አንብቦ ይወስናል። ያስፈራትን ሰው «መልካም አስተናጋጅ ነው» ብላ በይሉኝታ የጻፈች እንግዳ፣ ከሷ ቀጥላ የምትመጣውን ልጅ ሳታውቅ አሳልፋ ትሰጣለች። በአንጻሩም፣ ዕቃ ሰብሮ ወይም ሰው ሰድቦ የሄደውን እንግዳ «ጨዋ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ባለቤት ጎረቤቱን ያታልላል። እንግዲህ የማስተዋወቂያው ደብዳቤ የነገሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከስንብት በኋላ የሚጻፈው እውነት ነው። ያለዚህኛው፣ የተዋበ ደብዳቤ ሁሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ክፍል ላለው ወጣት

ተማሪ ብቻ ሳይሆን ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም ይህን ነገር ቢያስብበት ይጠቀማል። ወደ ክፍለ ሀገር ተመድቦ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሥራ በኋላ የሚያጫውተው ሰው ያጣ ወጣት ብዙ ነው። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ወንበሬ አንድ ነው ብሎ ያፍራል። ነገር ግን ከሩቅ የመጣ ተማሪ የሚፈልገው ሳሎን አይደለም። ፍራሽ፣ ሻይና ከተማውን የሚያሳየው ሰው ካገኘ በቂው ነው። ባለቤቱ ግን የቤቱን አከራይ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ክፍሉ ጠባብ መሆኑንም በግልጽ ይጻፍ። ወንደላጤም ከሆነ ወንድ እንግዳ ቢቀበል ለሁለቱም ወገን ክብር ይሆናል።

የዚያ የቆሎ ተማሪ ታሪክ ሲነጋ አያበቃም። ጧት ባለቤቶቹን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው መንደርም፣ «ትናንት የት አደርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የቤቱን ስም ይናገራል። የዚያ ቤት ደግነት በአፉ ከሱ ቀድሞ ይጓዛል፤ ንፉግነትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የዛሬዋ ተማሪ ቃሏን የምታደርሰው በወረቀት ወይም በስልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ከኋላዋ ለምትመጣው መንገደኛ ያለባት ዕዳ አልተለወጠም። ስትጽፍ እንደ ሆነችው ትጻፍ፤ ስትመለስም እንዳየችው ትመስክር።