ዓሣን በጦር ማስገር ከብርብራ መርዝ ይልቅ ለወንዞች ይበጃል

በኢሉባቦር ዞን በመቱ ከተማ አቅራቢያ የሚያልፈው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይመሠርታል። ባሮ ቁልቁል በሚፈስበትና ቀድሞ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው ጋምቤላ፣ የአኙዋ ብሔረሰብ አባላት ዓሣን በጦር የማስገር የቆየ ልማድ አላቸው።

ለዚህ ተግባር የሚውል ጦር ሲዘጋጅ ቀላል፣ ቀጥ ያለና ረዥም እንጨት ይመረጣል። የተወጋው ዓሣ እንዳያመልጥ የብረቱ ጫፍ ወደ ኋላ የታጠፈ ጥርስ ይኖረዋል፤ ብረቱ ከእጀታው ቢላቀቅም እንዳይጠፋ በገመድ ይታሰራል። ብርሃን ከውኃ ሲወጣ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ዓሣው ካለበት ጥልቀት ከፍ ብሎ ይታያል። በመሆኑም አስጋሪው ከሚታየው ቦታ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ይኖርበታል።

የጦር ዋነኛ ጠቀሜታ ለመያዝ የደረሰውን ዓሣ ለመለየት ማስቻሉ ነው። በአንጻሩ በአንዳንድ የአገሪቱ አካባቢዎች ዓሣ ለማደንዘዝ ወደ ውኃ የሚጨመረው የብርብራ ፍሬ ዱቄት ሮቴኖን የተባለ መርዝ ስላለው ጫጩቱን ከትልቁ ሳይለይ ይፈጃል። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ዓሣው በኩሬዎች ስለሚሰበሰብ ጉዳቱ ይበረታል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓላማ ሀብቱን ጠብቆ መጠቀም እንደመሆኑ፣ የወረዳ የግብርና ባለሙያዎች ቁጥጥርና ትምህርት በዚህ ወቅት ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።