ደብተሩ ሲዘጋ የሚጀምር ጥናት

አንድን ጽሑፍ 14 ጊዜ ያነበበ ተማሪ ሦስት ጊዜ ብቻ ካነበበው ጓደኛው ቀድሞ ሊረሳው ይችላል። ለማመን ቢከብድም፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል።

ሙከራው ቀላል ነበር። ለተማሪዎች አጫጭር ሳይንሳዊ ጽሑፎች ተሰጡ። አንደኛው ቡድን የተሰጠውን በአራት ዙር ደጋግሞ አነበበ፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት። ሌላው ቡድን ያነበበው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሲሆን ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል አዳረሰው። በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉ ተወስዶበት ባዶ ወረቀት ቀረበለትና ያስታወሰውን ሁሉ እንዲጽፍ ታዘዘ። የጻፈውን ያረመለት ሰው የለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከተፈተኑት መካከል ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ አስታወሱ፤ ከባዶ ወረቀት ጋር የታገሉት 71 በመቶ። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከቁጥሮቹ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው! ዓይን የለመደው ገጽ የታወቀ ይመስላል፤ አንባቢው ቀጣዩን መስመር ከመድረሱ በፊት ይገምተዋል፣ ልቡም ይህንን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። ፈተና የሚጠይቀው ግን ገጹ በሌለበት ሐሳቡን ከአእምሮ ጎትቶ ማውጣትን ነው። ይህ ደግሞ ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ አዳራሽ ገብቶ «አጥንቼው ነበር እኮ» እያለ የሚያዝነው ዋሽቶ አይደለም፤ በእርግጥ አጥንቷል፣ ሳያይ ማውጣትን ግን አልተለማመደም።

ዘዴው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው የተቀበለውን መልሶ ማሰማት አለበት። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በእንጨት ሉህ ላይ የጻፈውን በቃሉ ከያዘ በኋላ አጥቦት ሌላ ይጽፍበታል። የሁለቱም ትምህርት ቤቶች መምህራን ተማሪው ማወቁን የሚያረጋግጡት ጽሑፉ ከፊቱ ሲነሳ ነው።

ይህ ሲባል ግን ሽምደዳን ማወደስ እንዳይመስል። ሮዲገርና ካርፒክ የጠየቁት ቃል በቃል መድገምን ሳይሆን የጽሑፉን ሐሳብ መልሶ ማምጣትን ነበር። የባዮሎጂ ተማሪ ስለ ፎቶሲንተሲስ አንብቦ ደብተሩን ከዘጋ በኋላ ሂደቱን በራሱ አነጋገር ሲጽፍ፣ ሥዕሉን ከራሱ አውጥቶ ሲስል፣ የጎደለውን ደግሞ ደብተሩን ገልጦ ሲያርም ከሁሉ የተሻለውን ጥናት አጠና ማለት ነው። ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችም የሚጠቅሙት እንዲሁ ሲሠሩ ነው። መልሱን ከጎን አስቀምጦ ጥያቄውን ማንበብ ተመልሶ ያው ንባብ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ጥፋቱን በተማሪው የጥናት ዘዴ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ መምህሩ፣ መጽሐፉና አገሪቱ ያለፈችበት ጦርነት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ተማሪው ብቻውን ሊለውጠው የሚችለው ነገር ጥቂት በሆነበት ቦታ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ሳይነገረው መቅረቱ ያስቆጫል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን መመራመሪያ አድርጎ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ሲያጠናና ሲረሳ የለካውን አስፍሯል። መርሳት የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድን ዝርዝር በአንድ ቀን 68 ጊዜ መድገም ያስገኘውን ውጤት በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ መድገም እንደሰጠውም ጽፏል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ተማሪ ላቡ በከንቱ የሚፈስሰው ለዚህ ነው። እንቅልፉንም አጥቷል፤ አእምሮ ደግሞ ቀን የያዘውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው።

በክፍል ፊት ቆሞ መናገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ንግግሩን ጽፎ በልቡ የሚያነብ ተማሪ ያጠናው ማንበብን እንጂ መናገርን አይደለም። ዋና ዋና ነጥቦቹን በአጭር ወረቀት ይዞ፣ ቆሞ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ሰዓት እያየ ቢለማመድ ግን የሚያጋጥመውን ሁሉ አስቀድሞ ያገኘዋል፦ የትኛው ቃል ምላሱን እንደሚያስረው፣ የትኛው ሐሳብ እንደተንዛዛ፣ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት። ቃል በቃል የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው ተከታዩ ሁሉ ይጠፋዋል፤ ሐሳቡን የያዘ ግን ሌላ ቃል ፈልጎ ይቀጥላል።

ፍርሃቱስ? ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የሚታይ እንደሚመስላቸው አረጋግጠዋል። ይህ እውነት አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች በራሳቸውም በአድማጮችም ግምት የተሻለ ንግግር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት ይበልጥ አሳማኝ ሆነው መገኘታቸውን ዘግባለች። የልብ ትርታን በትእዛዝ ማብረድ ይከብዳል፤ ትርታውን እንደ ጉጉት መቀበል ይቀልላል።

እዚህ ላይ መምህራን ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ወስደው፣ ደብተር አስዘግተው፣ ያለፈውን ትምህርት የሚመለከቱ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ማጻፍ፤ ለዚያም ማርክ አለመያዝ። አልፎ አልፎም አንድ ተማሪ ወጥቶ መልሱን ለክፍሉ እንዲያስረዳ ማድረግ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጀምሩት።