ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ

በ2006 እ.ኤ.አ. አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ቴሪ ዴቪስና የሥራ ባልደረቦቿ በሦስት ግዛቶች ክሊኒኮች ላገኟቸው 395 ታካሚዎች የመድኃኒት ብልቃጥ እያሳዩ ጥያቄ ያቀርባሉ። በአንዱ ብልቃጥ ላይ «ሁለት ፍሬ በአፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ» የሚል ተጽፏል። የማንበብ አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆነ ታካሚዎች 71 ከመቶ ያህሉ መመሪያውን በትክክል ተናገሩ። «እስቲ በቀን የሚወስዱትን ቆጥረው ያሳዩኝ» ሲባሉ ግን አራት ፍሬ ቆጥረው ያወጡት 35 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሁሉም እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው።

ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም። «በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለው ጽሑፍ ሒሳቡን ለታካሚው ይተውለታል፤ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ቢባል ግን የሚሰላ ነገር የለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ደረጃ አውጪ ዩ.ኤስ. ፋርማኮፒያም በኋላ በብልቃጥ ላይ የሚጻፈው መመሪያ በዚህ መልክ እንዲሆን መክሯል። የሆነ ሆኖ አንብቦ በመናገርና አንብቦ በማድረግ መካከል ያለው ርቀት እንግሊዝኛን በጎልማሳነት ለሚማር ሰው የበለጠ ይሰፋል። ብዙ የጎልማሶች ክፍል የሚፈትነው መናገሩን ነው። ተማሪው ምንባቡን ጮክ ብሎ ካነበበ፣ ከሥር ላሉት ጥያቄዎች መልሱን ከምንባቡ ከገለበጠ፣ አነበበ ይባላል። እኔ ግን የዕለት ተዕለት ንባብ መለኪያው ሰውየው አንብቦ የሚያደርገው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በእነሱ አባባል ማንበብ የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው፤ አንዱ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ፣ ሌላው ቋንቋውን መረዳት። ብዜት በመሆኑ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጎልማሶች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት እናቶችን እናስብ። አንዷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የመጣች፣ እንግሊዝኛውን ሳትንተባተብ የምታነብ፣ ያነበበችው ግን የማይገባት ናት። ሌላዋ ፊደል ሳትቆጥር ያደገች፣ ሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ለምዳ ከአለቃዋ ጋር እንደ ልቧ የምታወራ ናት። አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጥቶ አንድ ዓይነት ትምህርት ማስተማር ሁለቱንም መበደል ነው። የመጀመሪያዋ ቃላት ያስፈልጓታል። ሁለተኛዋ ፊደልና ድምፅ ያስፈልጓታል፤ የምትናገረው ቃል ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ስታይ እጅግ በፍጥነት ትሄዳለች።

«ከዚህ በኋላ ፊደል አይገባኝም» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ናቸው። የአንጎል ጥናት ግን ይህን አይደግፍም። ስታኒስላስ ዴኻን የመሩት ቡድን በ2010 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት የ63 የብራዚልና የፖርቱጋል ጎልማሶች አንጎል ተመርምሯል። ከመካከላቸው ማንበብ የማይችሉ፣ በልጅነት የተማሩ፣ ካደጉ በኋላ የተማሩም ነበሩ። በግራ በኩል ከአንጎል ኋላ ያለውና የተጻፈ ቃል ሲታይ የሚነቃው ሥፍራ ካደጉ በኋላ በተማሩትም ላይ ለፊደል ምላሽ ሲሰጥ ታይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚካኤል ስካይደና ባልደረቦቹ ፊደል የማያውቁ የሕንድ ጎልማሶች ስድስት ወር ሂንዲ ማንበብ ከተማሩ በኋላ በአንጎላቸው አሠራር ላይ ለውጥ እንደታየ ጽፈዋል። የሂንዲ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የሚይዝ ነው።

እንግሊዝኛ ግን 26 ፊደላትን ይዞ 44 ያህል ድምፆችን ለመጻፍ የሚታገል ቋንቋ ነው። ብዙ የአውሮፓ ሕፃናት በአንድ ዓመት የሚደርሱበት የንባብ ደረጃ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ጎልማሳው ሲንቀራፈፍ ያየ አስተማሪ ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የመድኃኒት ካርቶን ታስቀምጣለች፤ አንዱ የራስ ምታት፣ አንዱ የጉንፋን። ጥያቄዋ «ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል?» የሚል ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ደንብ መሠረት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ መረጃውን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አናት ላይ ዋናው ንጥረ ነገር፣ ከዚያ ጥቅሙ፣ ማስጠንቀቂያው፣ አወሳሰዱ። አንዱን ካርቶን ያወቀ የሌላውን መንገድ ያውቃል። ተማሪው ሁሉንም ማንበብ የለበትም። ዘመድ ለመቀበል ቦሌ የቆመ ሰው የተሳፋሪውን ሁሉ ፊት እንደማያጠና፣ እሱም ዓይኑን ወደሚፈልገው መስመር ይልካል። በሁለቱም ካርቶን አናት ላይ አሴታሚኖፌን የሚለውን ያገኛል፤ እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። ስለዚህ አብሮ አይወሰድም። ከልክ ያለፈ አሴታሚኖፌን በአሜሪካ ለድንገተኛ የጉበት መድከም ዋናው ምክንያት ነው፤ ያቺ አንድ ቃል የተነበበችው ለፈተና አይደለም።

ለእኛ ሰው ሌላም ወጥመድ አለ። የቀጠሮ ወረቀት ላይ 9:00 የሚለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያነበበ ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። 03/04 የሚለውም በአሜሪካ ማርች 4፣ በእንግሊዝ ኤፕሪል 3 ነው። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ ምንባብ ማስተማር አይቻልም። እውነተኛውን ወረቀት ማምጣትና ተማሪው ቀኑን በራሱ ስልክ ላይ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው።

ከጤና ኢንሹራንስ የሚመጣው የክፍያ ማብራሪያ ደብዳቤም እንዲሁ ያስደነግጣል። ብዙ ቁጥር አለው፣ የዶላሩ መጠን ከባድ ነው፤ ነገር ግን በትልልቅ ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ተብሎ ይጻፍበታል። ያንን መስመር ፈልጎ ያገኘ ተማሪ የሚያደርገው ነገር ወረቀቱን ማስቀመጥ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ልጁ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የሐኪም ውጤት አንብቦ ሲያስረዳ ለሁለቱም ከባድ ነው። ቀጣዩ ፖስታ ሲመጣ ልጅየው ወይም ጎረቤት ፈጥኖ አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ «እማዬ፣ ከማን ነው የመጣው? እስከ መቼ ነው የሚለው?» ብሎ ጠይቆ፣ እሷ በጣቷ እስክታሳይ ቢጠብቅ ይሻላል።