የድሬዳዋ ቶርኖዎች ለምን ቅርስ ይሆናሉ?

ቅርስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አክሱም፣ ላሊበላ ወይም የጎንደር ግንብ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጥገና ቤት ነው፤ ድሬዳዋ ስለሚገኘው የአሮጌው ምድር ባቡር ወርክሾፕ። የእኛ መንደር፣ በጋሞ ያለችው ኦቾሎ፣ ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም፤ ነገሩ ግን እኛንም ይመለከታል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ማስወጣቱ አስቸጋሪና ውድ ስለነበር መሥመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ድሬዳዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ መሥመሩ በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ይህን ሁሉ ርቀት የሚመላለስ ባቡር ያለ ጥገና አይኖርም። ጎማውም ሐዲዱም ብረት ነው፤ ሲፋተጉ ጎማው ቅርጹን ያጣል። በተለይ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈሩ ከሳሳ ኩርባ ላይ አደጋ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች ከነአክስላቸው ወጥተው ግዙፍ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ላይ ይታሰራሉ፤ ልካቸው እኩል እስኪሆን ይላጫሉ። ከሞተሩ አንድ ቁራጭ ቢሰበርስ? ፋብሪካው ያለው ባሕር ማዶ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የእንጨት ሞዴል ይሠራል፤ ቅርጹን አሸዋ ላይ ያትማል፤ የቀለጠ ብረት ያፈስበታል፤ ሲቀዘቅዝ በቶርኖ ልኩን ያወጣል።

አስቡት፤ እዚህ መሥመር ላይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሠርቷል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጡት የፊያት ሊቶሪናዎች (በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ የተሳፋሪ ፉርጎዎች) ሠርተዋል፣ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ተከትለዋል። ሁሉም የየራሱ ዕውቀት ይፈልጋል። ያ ዕውቀት ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም፤ ረዳት ሆኖ የገባ ወጣት ከአለቃው እጅ እያየ ነው የተማረው።

መስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር። የአንዱ ጎማ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። እዚህ ላይ ሥጋቴን ልንገራችሁ። ማሽን በመጋዘን ተዘግቶበት ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ባለሙያ ግን ጡረታ ይወጣል፣ ያረጃል፣ ያልፋል። እሱ ሲያልፍ ቶርኖው የከበደ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ባለሙያ ሲኖር ምን እንደሚሆን አስመራ አሳይታናለች። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው ባቡር በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ወድሞ ሐዲዱ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን በባቡሩ ወርክሾፕ ጠግነው አስነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩ ዳግም አስመራ ገባ። የታይዋኑ የአሊሻን ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1912 ሥራ ሲጀምር ከተራራ ጫካ ግንድ ለማውረድ ነበር። ዛሬ ጎብኚ ያመላልሳል፤ ያረጁትን ሎኮሞቲቮች ለዚህ ያበቃቸው ጥገና ነው።

እኛ ኦቾሎዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የሸንጎ ቦታችን ዱቡሻ ድንጋይ፣ ሣርና ዛፍ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እዚህ መጥቶ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ ያሳተመበት፣ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ስለሚመክሩና ስለሚወስኑ ነው። ሸንጎው ቢቀር ድንጋዩ ይኖራል፤ ዱቡሻ ግን አይኖርም። ወርክሾፕም እንዲሁ ነው። የሀገራችን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ራሱ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ቅርስ ብሎ ይቀበላል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። በእኛ በጋሞ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ ማረሻውም ማሰሮውም ግን ከእነሱ እጅ ነው የወጣው። የጥገና ቤትን ቅርስ ስንል የሠራተኛ እጅ ከቤተ መንግሥት ግንብ እኩል ክብር ይገባዋል ማለታችን ነው።

ምን ይደረግ? አረጋውያኑ ባለሙያዎች ማሽኑ አጠገብ ቆመው ሲያስረዱ በቪዲዮ ይቀረጹ። የሥራ ሥዕሎቹና መዝገቦቹ ይሰብሰቡ። የቴክኒክ ተማሪዎች፣ ከአርባ ምንጭ የሚሄዱትም ጭምር፣ ባለሙያዎቹ ዘንድ ይለማመዱ። ቢያንስ አንድ ሊቶሪና በአጭር ሐዲድ ላይ እንዲሠራ ይደረግ፤ ተሽከርካሪው ከሄደ ጥገናው ይቀጥላል፣ ጥገናው ከቀጠለ ሙያው ተተኪ ያገኛል። ይህ ሊጀመር የሚገባው የሚያስተምሩት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ነው።