ጉራማይሌው ዘፈን፦ የጂጂን አልበም እንደ ገና ስንሰማ

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከባልንጀሮቼ አንዱ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ ሰይማ ያወጣችውን አልበም ሰምቶ «ይህችስ የአገሯን ዜማ ለፈረንጅ ሸጠችው» አለ። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ ይህንኑ ብዬ ስለ ነበር ወዲያው መልስ አጣሁ፤ ስለዚህ ሦስት ሌሊት ደጋግሜ አደመጥሁት።

ክሱ መነሻ የለውም አይባልም። አዘጋጁ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ ከአጃቢዎቹም መካከል ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋራኦ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ አለቆች አሉ። እንዲህ ያለ ጉባኤ አንዲትን የቻግኒ ልጅ ይውጣታል ብሎ መስጋት አይከፋም።

ታዲያ ያልዋጣት በምን ምክንያት ነው? እንደሚመስለኝ ምሥጢሩ ያለው ባሱ ላይ ነው። ትዝታንና አምባሰልን የመሳሰሉት ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው፤ ዜማው በአንድ መሥመር ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንደ ፈረንጅ ሙዚቃ ከሥሩ ኮርድ እየተቀያየረ አይነጠፍለትም። ኮርድ የበዛበት እንደ ሆነ መንገዱን ይስታል (በየሠርጉ የሚመታውን ኪቦርድ የሰማ ያውቀዋል)። ላስዌል ግን ራሱ ባስ መቺ ነውና በብዙዎቹ ዘፈኖች አንዲት አጭር ሐረግ ከሥር እየደጋገመ ይመታል፤ እርሷም በላዩ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። የክራር ድርደራስ ዘፋኙን የሚያጅበው በዚሁ አኳኋን አይደለምን? እርግጥ አንዳንዱ ላይ ከበሮው ይበዛብኛል።

ደግሞም ቃሉ አለ። በአገራችን ልማድ ብዙ ጊዜ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የሦስተኛው ነው። ጂጂ ግን አብዛኛውን ራሷ ስለምትደርስ ቃሉ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን ስፍራ ዜማው አያበላሽባትም። «ዓድዋ» ከሚለው ዘፈኗ ፉከራ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል፤ በ1888 ዓ.ም. ለወደቁት ዝግ ባለ ድምፅ ውለታ እንደ መመለስ ያለ ነው። «ጉራማይሌ» የተባለም ዘፈን አለበት፤ ቅይጥነቱን የደበቀችው አይመስለኝም።

በ2003 እ.ኤ.አ. ላስዌል ይህንኑ አልበም እንደ ገና ቀይጦ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም ሲያወጣ ድምፅዋን በብዙ ቦታ ወደ ኋላ አሸሸው። የባልንጀራዬ ክስ እዚያ ላይ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ብነግረው «ዓድዋ»ን ብቻ ተቀበለኝ፤ በቀሩት ላይ አሁንም እንከራከራለን።