ፍል ውሃ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በአገራችን ከመሬት ትኩስ ሆኖ የሚፈልቅ ውሃ በብዙ ቦታ አለ። በአዋሽ ወንዝ ዳር ሶደሬ፣ በሲዳማ ወንዶ ገነት፣ በደቡብ ጎንደር ዋንዛዬ አለ። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። እቴጌ ጣይቱ እዚያ ወርደው ይታጠቡ ነበር።

ውሃውን ማን ያሞቀዋል? ከሥሩ እሳት የሚያነድ የለም። የዝናብ ውሃ በመሬት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። መሬት ደግሞ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር እየሞቀ ይሄዳል። ውሃው እዚያ ይግልና በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ጨው በሙቅ ውሃ ቶሎ እንደሚሟሟ ሁላችንም እናውቃለን። ፍል ውሃም እንዲሁ ከአለቱ ጨውና ሌላ ማዕድን አሟሙቶ ይመጣል። ጣዕሙና ሽታው ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥቅም አለው ወይ? አዎን፣ አለው። ሲያርስ የዋለ ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ የደከመ ሰውነቱ ይፍታታል። ቁርጥማት ያለበትም ሰው ሕመሙ ይቀልለታል። "ውሃው ተሻለኝ" የሚል ሰው ውሸታም አይደለም።

ነገር ግን ፍል ውሃ የሳንባ ነቀርሳን አያድንም። ወባንም አያድንም። የነዚህ በሽታዎች ተዋሲያን ያሉት በሰውነት ውስጥ ነው። ቆዳን የሚያሞቅ ውሃ አይገድላቸውም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ትንሽ ቀለል ሲለው "ድኛለሁ" ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። ያኔ በሽታው ያገረሽበታል። ተዋሲያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ሚስትና ልጆቹም ይያዛሉ። ስለዚህ ወደ ፍል ውሃ የሚሄድ ታማሚ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፤ አንድ ቀንም አያቋርጥ።

መጠጣትስ? በስምጥ ሸለቆ ብዙው ፍል ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ይህ ማዕድን የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንት ያጣምማል። ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ እንዲህ እናድርግ፦

1. ከመግባታችን በፊት ሙቀቱን በእጃችን እንፈትን። ብዙም አንቆይ።
2. ቁስል ያለበት ሰው ሌሎች የሚታጠቡበት ገንዳ አይግባ። ቁስሉን ጤና ጣቢያ ያሳይ።
3. ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ይጠይቅ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ፍል ውሃ ድካምን ያወጣል። በሽታን ግን ለሐኪም እንንገር።